ጡሩምባ ያልተነፋበት ቅዳሜ

ባለፈው እሑድ የእድራችንን ዕቃ ቤት ስናጸዳ፣ ከድንኳኑ ብረቶችና ከትልልቆቹ ድስቶች ጀርባ አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ወጣ። የእድሩ ጸሐፊ ወጣት ልጅ ነው፣ ባንክ ቤት ይሠራል። ሸሚዙ እንዳይቆሽሽ እየተጠነቀቀ ከረጢቱን ገለጥ አደረገና «ጡሩምባ ነው እንዴ?» አለ። እኔ ከጠዋት ጀምሬ ሰሃን ሳጥብና ስደረድር ወገቤ ተቆርጦ አንድ አሮጌ አግዳሚ ላይ ዘርፈጥ ብዬ ነበርና መልስ ለመስጠት እንኳ ሰነፍኩ። «ከብረታ ብረቱ ጋር ለቁራሌው እንስጠው?» ሲል ግን ብድግ አልኩ።

«ተወው፣ ይቆይ» አልኩት።

«ምን ያደርግልናል፣ እትዬ አስቴር? ሁሉም ሰው ቴሌግራም ላይ አለ።»

እውነቱን ነው። ዛሬ አቃቂ ውስጥ ሰው ሲሞት ስልካችን ጢን ይላል፤ የሟቹ ፎቶና የቀብሩ ሰዓት ይመጣል፤ የሚያለቅሰውን ቢጫ ፊት ተጭነን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። እኔም ራሴ እንዲሁ ነኝ። ወደ አምሳው እየተጠጋሁ ነው፣ ጉልበቴን ያመኛል፣ ቅዳሜ ደግሞ የተማሪዎቼን ፈተና የማርምበት ቀን ነው። ብቻ ያንን ጡሩምባ ለቁራሌው አሳልፌ መስጠት አልሆን አለኝ። ከከረጢቱ አወጣሁት። አፉ ላይ ጋሽ ወልዴ የጠቀለሉት ጥቁር ናስትሮ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ሆዱ ጎድጉዷል። ይዤው ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ያኔ ሠላሳ አልሞላኝም። ጥቂት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ አስተምሬ፣ ለማስተርስ አራት ኪሎ ገብቼ ፊዚክስ እማር ነበር። የሰፈር ሰው ምን እንደምማር ሲጠይቀኝ «ፊዚክስ» ብዬ እገላገላለሁ፤ ከዚያ በላይ ካወራሁ ሻዩ ይቀዘቅዛል። የማጠናው የጋማ ጨረር ፍንዳታ የሚባለውን ነበር። ከፀሐይ ብዙ እጥፍ የሚከብድ ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ በራሱ ላይ ሲደረመስ፣ ወይም ሁለት የሞቱ ኮከቦች ሲጋጩ፣ በሰከንዶች ውስጥ የሚያልፍ የጋማ ጨረር ብልጭታ ይወጣል። ለዓይን አይታይም። አየራችን ስለሚያስቀረውም መሬት ላይ ቆሞ በቀጥታ የሚይዘው የለም። ለዚህ ነው ቴሌስኮፑን ሳተላይት ላይ ጭነው ሽቅብ የላኩት። ሳተላይቱ የሚደርሱትን ጨረሮች ሳያቋርጥ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ድንገት ካሻቀበ ፍንዳታ ነው ብሎ ይጠረጥርና ለሚመለከተው ሁሉ ማስጠንቀቂያ ይልካል። መሬት ላይ ያሉት ትልልቅ ቴሌስኮፖች ደግሞ የፍንዳታው ፍም ሳይጠፋ ለማየት ወደዚያው ይዞራሉ።

ታዲያ መሣሪያ ይሳሳታል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ በመጣ ቁጥር አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማየት አለበት። እውነት ፍንዳታ ነው? ስንት ሰከንድ ቆየ? ምን ያህል ደመቀ? ይህንን ለክቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አጭር መልእክት የሚጽፈው ሰው ተረኛ ይባላል። ውጭ አገር የሚያስተምሩት አማካሪዬ ዶክተር መስፍን ያለ የሌለ ሰው ለምነው ከተረኞቹ ጋር አስገቡኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከጠዋት እስከ ምሽት። ለሙከራ ነበር። ሙከራውን ካለፍኩ እሳቸው ዘንድ የዶክትሬት ቦታ ይጠብቀኛል፤ ካላለፍኩ ወደ ጠመኔዬ። ሳያሳውቅ ሁለት ጊዜ የቀረ ተረኛ ይሰረዛል። አንዱን መብራት በልቶብኛል፤ አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ስቁነጠነጥ ማስጠንቀቂያው መጥቶ አለፈ። የቀረችኝ አንዲት ዕድል ነበረች።

የሌላው አገር ተረኛ ማስጠንቀቂያው ሞባይሉ ላይ ይደርሰዋል። ገበያ ቢወጣ፣ ጋደም ቢል ግድ የለውም። እኛ አገር ያን ሰሞን በሞባይል ጽሑፍ መላላክ ተዘግቷል። ቤታችን ስልክ የለም፣ የዩኒቨርሲቲውም ክፍል ቅዳሜ ይቆለፋል። ስለዚህ የእኔ ተራ ማለት እዚያው አቃቂ፣ በሰቃ ሰፈር የምትገኘው የከድር ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ስክሪን ላይ አፍጥጦ መዋል ነበር። ከድር የስልጤ ልጅ ነው፣ እኩያዬ። ቤቷ መጀመሪያ ሱቅ ነበረች፤ ኋላ ግማሹን መደርደሪያ አንሥቶ ኮምፒውተሮች ደረደረባት፣ በቀረው ግማሽ ሳሙናና ብስኩት ይሸጣል። ጥግ ላይ ያለችውን ኮምፒውተር ቅዳሜ ለማንም አይሰጥም። «እሷ የአስቱ ናት፤ ሰማይ ትጠብቅባታለች» ይላል ለደንበኛው፣ ሳይስቅ።

ጋሽ ወልዴ ከከድር ጋር ግድግዳ ይጋራሉ። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ፣ ያባቴ ባልንጀራ፣ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ። ሰው ሲሞት ማልደው ተነሥተው ከባቡር ጣቢያው እስከ ወንዙ እየነፉ ይዞራሉ፤ በየማዕዘኑ ቆም ብለው የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይጠራሉ። እናቴ የሞተች ጊዜ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርድ ነበር። እሳቸው ግን አንድም ጉራንጉር አልዘለሉም። ያ የአቃቂ ጥቁር ጭቃ አንዱን ጫማቸውን ነጥቆ አስቀርቶባቸው፣ አንድ እግራቸው ባዶውን ድንኳን ሲገቡ አይቻለሁ። እጃቸውን ታጥበው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጡ።

አንድ ቅዳሜ ብስኩት ሊገዙ ገብተው ከኋላዬ ቆሙ።

«ቀኑን ሙሉ ምን ታያለሽ፣ ልጄ?»

ነገርኳቸው። ኮከብ ሲሞት ሳተላይቱ እንደሚነግረኝ፣ እኔ ደግሞ አጣርቼ ለሌሎቹ እንደማስታውቅ። ብስኩታቸውን እያኘኩ አሰብ አደረጉ።

«እንግዲያ ሥራችን አንድ ነው። እኔ ምልሽ፣ ሳታረጋግጪ እንዳትነፊ። እኔ አንድ ጊዜ ሰው ነገረኝ ብዬ ነፍቼ፣ ሟቹ በሁለት እግሩ ቆሞ ደጃፉ ላይ ጠበቀኝ።»

«ምን አለዎት?»

«ምን ይለኛል፣ ቁርስ አበላኝ። ሚስቱ ግን እስከ ዛሬ ሰላምታዬን አትቀበልም። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ገብቼ ሬሳውን ካላየሁ ጡሩምባውን ወደ አፌ አላስጠጋም።»

ከድር ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ ሲስቅ ትዝ ይለኛል። ብስኩቱንም በነጻ ሰጣቸው።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ዓርብ አመሻሽ ላይ ጋሽ ወልዴ ሞቱ። ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሣባቸው ሳል ነው የወሰዳቸው። ሚስታቸው ቀድማቸው ሞታለች፣ ልጅ አልነበራቸውም፤ ያላቸው እድሩ ነው። የእድሩ ሰብሳቢ አባቴ ነበርና ቀብሩን ለቅዳሜ ስምንት ሰዓት ቀጠረ። እኔም ማታውኑ ከሱ ጋር ገብቼ ሬሳውን አየሁ።

ቅዳሜ ማለዳ አባዬ ጡሩምባውን ይዞ ደጃፋችን ላይ ቆመ። በሕይወቱ ነፍቶ አያውቅም። እኔ ጃንጥላ ያዝኩለት። ጉንጩን ወጠረ፣ ዓይኑ ደም መሰለ፤ የወጣው ድምፅ ግን ዘይት ያጣ በር ሲከፈት የሚያሰማውን ነበር። የጎረቤት ልጆች ሳቁ። ደግሞ ሞከረ። ሦስተኛውን ትቶ አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገና «ለካ ይሄ ሰውዬ ሥራ ይሠራ ኖሯል» አለ። ጡሩምባውን ለኔ ሰጠኝ። ሁለት ሽማግሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ እንዲናገሩ ተባለ፤ ሁለቱም እግራቸው የታመመ ነበር።

«አባዬ፣ ዛሬ ተራዬ እኮ ነው» አልኩት፣ እየፈራሁ።

«አውቃለሁ። ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ። ሬሳው ሲወጣ ብቻ ብቅ በይ።»

በሰፈራችን ሬሳ ከቤት እስኪወጣ የጎረቤት ሱቅ አይከፈትም፤ እዚህ ላይ ክርስቲያንና ሙስሊም የለም። ከድርም መዝጊያውን ቆልፎ ነበር። ለኔ ግን የጓሮውን በር ከፈተልኝ። «ድምፅ እንዳታሰሚ፤ ሰው ቢያይ ነውር ነው» ብሎኝ ወደ ድንኳኑ ሄደ። ጨለማው ሱቅ ውስጥ የስክሪኑ ብርሃን የተደረደሩት ሳሙናዎች ላይ እያረፈ፣ በግድግዳው በኩል የሁለት ሦስት ሴቶች ልቅሶ እየሰማሁ ተቀመጥኩ። ከድር መሐል ላይ ከድንኳኑ በሰሃን ንፍሮ አምጥቶልኝ ነበር። ጨው ያንሰዋል። ቀስ እያልኩ አንድ አንድ ፍሬ እበላለሁ፣ ስክሪኑን አያለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ። ሳተላይቱ ዝም ብሏል።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከድር ተመልሶ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

«አስቱ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰው የለም።»

«እንዴት የለም?»

«አባትሽና ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። ወደ መንገድ ወጥቼ ሰዎቹን ምነው ቀራችሁ ስላቸው፣ ‹ሞቱ ሲባል ሰምተናል፣ ግን ጡሩምባ አልተነፋም› ይሉኛል። አንዱማ ‹ወሬ ነው፤ እውነት ቢሞቱ ይነፋ ነበር› ብሎ ተከራከረኝ።»

ማን ይንፋው? ነፊው እኮ እሳቸው ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ስንት ዓመት በዚያ ጡሩምባ ለምዶ፣ ሳይነፋ ሰው የሚሞት አልመሰለውም። ሰው ለቀበረ ሁሉ የዞሩት ጋሽ ወልዴ በአምስት ሽማግሌ ሊቀበሩ ነው። ይኸንን እያሰብኩ ሳለ ነው ማስጠንቀቂያው የመጣው።

የሳተላይቱን ቆጠራ የሚያሳየውን ግራፍ ክፈት ብዬ ነካሁት። የዚያ ዘመን ኢንተርኔት ምስል ከላይ ወደ ታች በስንዝር በስንዝር ነበር የሚያወርደው። መጀመሪያ ሰማዩ ጸጥ ሲል የሚታየው ከፍ ዝቅ የሚል ደቃቅ መስመር፣ ከዚያ ወደ ላይ ማዘንበል የጀመረ ነገር። እዚያ ላይ ሳለ መስመሩ ተቋረጠ። ሞደሙ ያንን የታወቀ ጩኸቱን እያሰማ እንደ ገና ይደውል ጀመር፤ አልያዘም። ደግሞ ደወለ፣ አልያዘም። የሱቁ ስልክ ወደ ውጭ አገር አይደውልም፣ አንዲት ቃል ጽፌ አለሁ ለማለት እንኳ መንገድ የለኝም፤ ያለኝ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ሩብ ሰዓትም ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም በላይ።

በግድግዳው በኩል ያባቴን ድምፅ ሰማሁ። ቄሱን ነው የሚያናግረው። «አባታችን፣ ትንሽ እንታገሥ፤ ሰው ይመጣል።» አባቴ ለምኖ አያውቅም። ፋታ ወሰደና ደገመው። «ይመጣል፤ ሰው ይወዳቸው ነበር።»

«ከድር፣ አንተ ሂድና ጥራ» አልኩ።

«እኔ የታችኛውን ሰፈር እይዛለሁ። ፋብሪካውን ማን ይይዘዋል? አሁን ፈረቃ ይለቃሉ፤ አንዴ ከተበተኑ አይገኙም።»

የእድራችን ግማሽ አባል የጨርቃ ጨርቁ ሠራተኛ ነው። ስክሪኑን አየሁት። ሞደሙ ይደውላል። እንዲህ ተብሎ ሲወራ ትልቅ ውሳኔ ይመስላል፤ የዚያን ጊዜ ግን የተሰማኝ ድካም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ መብራት፣ መስመርና ታክሲ ስጠብቅ የኖርኩት ሁሉ ትከሻዬ ላይ ወጣ። ሞደሙን እየጮኸ ተውኩትና ነጠላዬን አንሥቼ በጓሮ በር ወጣሁ።

ጭቃው ውስጥ እየተንሸራተትኩ ፋብሪካው በር ስደርስ ዘበኛው በሩን እየከፈተ ነበር። ሠራተኞቹ ፀጉራቸውና ቅንድባቸው ላይ የጥጥ ብናኝ እንደተቀመጠ ጎርፍ ሆነው ይወጣሉ። አንድ ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ጋሽ ወልዴ በየማዕዘኑ እንደሚሉት ልል ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ ሰለለ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ደገምኩት።

«የእድር አባላት! ጋሽ ወልዴ አርፈዋል፤ ቀብራቸው አሁን ነው።»

አንዲት የፈትል ክፍል ሴት ቆም አለች። «ጡሩምባ ሳይነፋ?»

«ማን ይንፋው፣ እታለም?»

አፏን ይዛ ቀረች። ከኋላዋ ያሉትም ቆሙ። ነገሩ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያልፍ ከፊታቸው አየሁት። ከዚያ አንድም ሰው ቤቴ ደርሼ ልብስ ልቀይር አላለም። የጋሪ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ሽማግሌ ሽማግሌውን በነጻ ጭነው ተከተሉን። ድንኳኑ ስንደርስ ከድርም የታችኛውን ሰፈር ይዞ ከወንዙ በኩል ብቅ አለ። አባቴ ሬሳው አጠገብ ቆሞ መንገዱ በሰው ሲሞላ አየና ባርኔጣውን አወለቀ። ካፊያው ፀጉራቸው ላይ ያለውን ጥጥ እያራሰው፣ ያ ሁሉ ሰው ጋሽ ወልዴን ሸኛቸው። ከድር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር።

ወደ ሱቁ የተመለስኩት ሊመሽ ሲል ነው። መስመሩ አሁን ያለ ምንም ችግር ያዘ። መልእክቱ ተደራርቧል። ተረኛው የት ነው፣ ይላል አንዱ። ተረኛ የለም ወይ፣ ይላል ሌላው። ፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ያለች ደሴት ላይ ያን ሰዓት ሌሊት ነበርና፣ እዚያ ተራራ ላይ ያለው ትልቅ ቴሌስኮፕ የሌላ ሰው ሥራ አቋርጦ ወደተነገረው አቅጣጫ ዞሯል። ያየው ነገር የለም። የመጨረሻው መልእክት ማስጠንቀቂያው ስሕተት እንደነበር ይገልጻል።

ግራፉን ከፈትኩት። ሙሉውን ሳየው ሳቄ መጣ፤ ደስ የማይል ሳቅ። ሽቅብ የወጣውና የወረደው ዝግ ብሎ ነው፣ ፍንዳታ እንዲያ አይወጣም። ሳተላይቱ ደቡብ አትላንቲክ ላይ የምድር ማግኔት ይዞ ያስቀራቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች በሚበዙበት ስፍራ ጫፍ በኩል ሲያልፍ መቁጠሪያው የሚያመጣው የተለመደ ስሕተት ነው። ለመለካት የሚያስቸግር ነገር አልነበረውም። ከኔ የሚፈለገው አንዲት መስመር ነበረች፤ «ፍንዳታ አይደለም» የምትል። ያቺን የሚጽፍ ሰው ስለጠፋ ነው ቴሌስኮፑ የዞረው፣ ያቺን ስላልጻፍኩ ነው የተሰረዝኩት። የስረዛው ደብዳቤ ሰኞ በኢሜይል መጣ። በጣም ትሑት ደብዳቤ ነበር።

ዶክተር መስፍን በዚያው ሳምንት ወደ ከድር ሱቅ ደወሉ።

«ምን ሆነሽ ነው፣ አስቴር?»

«ለቅሶ ነበረብኝ።»

«የሥጋ ዘመድ ነው?»

«ጎረቤት።»

«እዚያ አገር ሁልጊዜ ለቅሶ አለ» አሉ በመጨረሻ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። ለሌላ ተማሪ ቦታውን እንደሰጡት ኋላ ነው የሰማሁት። አልተቀየምኳቸውም።

ግን ተናድጄ ነበር። ብዙ ጊዜ ተናድጄ ኖርኩ። ጽሑፍ የሚያደርስ ሞባይል ቢኖረኝ ኖሮ እላለሁ፤ ያ ሞደም አንድ ደቂቃ ቢታገሥ እላለሁ። ሲብስብኝ ጋሽ ወልዴን ራሳቸውን፣ ምነው ማክሰኞ ቢሞቱ እላቸዋለሁ። አባቴ አንድ ቀን እራት ላይ «ያ የውጭው ነገር ምን ደረሰ?» አለኝ። «ቀረ» አልኩት። ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠው። «በዚያ ቀን ምክንያት?» «አይ፣ በሌላ» ብዬ ዋሸሁት። ሳያውቅ ሞተ። የሱ ቀብር በስልክ ነበር የተነገረው።

ማስተርሴን ጨርሼ ወደ ጠመኔዬ ተመለስኩ፤ እነሆ እስከ ዛሬ ቃሊቲ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስለ ኮከብ ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ፣ ያን ቅዳሜ ግን ነግሬያቸው አላውቅም። ስለ ምን እነግራቸዋለሁ? ብዙውን ቀን ደክሞኝ ስለምተኛ እኔም አላስበውም።

ጸሐፊው ሰሃኖቹን ሸክፎ ጨርሶ ፊቴ ቆመ። «እትዬ፣ ቢቆይስ ማን ይነፋዋል ብለው ነው?»

«ማንም» አልኩት። እውነቴን ነው፣ የሚነፋው የለም። ናስትሮውን በጣቴ አስተካከልኩና ጡሩምባውን ወደ ከረጢቱ መልሼ ከድስቶቹ በላይ ሰቀልኩት። ወደ ቤቴ ሳዘግም ከድር ኢንተርኔት ቤት በነበረችበት በር አለፍኩ፤ አሁን ሞባይል ይጠገንባታል። ያን ሰሞን ሁለት ሞት ተነገረኝ፤ የጋሽ ወልዴና የኮከቡ። አንዱ ውሸት ነበር። እኔ የሄድኩት ሬሳውን ላየሁት ነው።